የዌት ዌት ዌት ድራመርና የአራት እኩል ድርሻ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ካልተስማማችሁ ተከራከሩኝ።

የስኮትላንዱ ባንድ ዌት ዌት ዌት ሲነሳ ለሁሉም ትዝ የሚለው ያ የ1994 ዘፈን ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) «ላቭ ኢዝ ኦል አራውንድ» በብሪታንያ የሙዚቃ ሰንጠረዥ 15 ሳምንት ሳይወርድ አንደኛ ሆኖ ቆየ። ትልቅ ነገር ነው። እኔን ግን ከዘፈኑ በላይ የሚይዘኝ የልጆቹ የገንዘብ ስምምነት ነው። ባንዱን አቁሞ የያዘው እሱ ነው። ስምምነቱ ሲፈርስ ባንዱም አብሮ ፈረሰ።

ለማታውቋቸው ባጭሩ ልንገራችሁ። ከግላስጎው በስተምዕራብ፣ ክላይድ ወንዝ ዳር፣ ክላይድባንክ የምትባል ከተማ አለች። አራት የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በ1982 እዚያ ባንድ መሠረቱ። ግሬም ክላርክ ቤዝ ጊታር ያዘ። ኒል ሚቸል ኪቦርድ፣ ቶሚ ከኒንግሃም ድራም፣ ማርቲ ፔሎ ድምፅ። ፔሎ የመድረክ ስም ነው፤ ቤተሰብ ያወጣለት ስም ማርክ ማክላክላን ነው። ከዘፈን በፊት ሥራው ቀለም ቅብ ነበር። ስማቸውን ያገኙት ስክሪቲ ፖሊቲ ከሚባል ሌላ ባንድ የዘፈን ግጥም ውስጥ ነው። በ1985 ፎኖግራም ከተባለ የሙዚቃ ድርጅት ጋር ተፈራረሙ። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው በ1987 ወጥቶ 6ኛ ደረሰ። የመጀመሪያ አልበማቸው በዚያው ዓመት ወጣ፤ በ1988 መግቢያ ላይ አንደኛ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሲጀምሩ የተስማሙት የዘፈኖቹን ገቢ አራቱም እኩል ሊካፈሉ ነው። ዜማውን ማንም ያምጣው ማን፣ ከዘፈኑ ስር የአራቱም ስም ይጻፋል። እኔ ይህን ያየሁት ካሴት ሽፋን ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ሽፋኑን ዘርግቼ ሳነብ፣ በእያንዳንዱ ዘፈን ስር ያው አራት ስም ተደርድሯል። ድራመሩም አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

በ1997 ግን ሌሎቹ ከኒንግሃምን ዘፈን ስለማትጽፍ ድርሻህ ይቀነስ አሉት። እሱም ወጣ። በ1999 ደግሞ ፔሎ ወጣ። አበቃ።

ይህን ነገር ለምን እንደምቆረቆርለት ልንገራችሁ። እኔም ድራመር ነበርኩ። አምስት ጓደኛሞች ሰርግ ላይ እንጫወት ነበር። የተከፈለንን እዚያው መኪና ውስጥ ለአምስት እንካፈላለን። ከዚያ አንድ ሆቴል ቋሚ ሥራ ሰጠን። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ የሆቴሉ ሰዎች ድምፃዊው ሁለት እጅ ይውሰድ አሉ። እሱም እሺ አለ። ማንም ከማንም አልተጣላም። ብቻ ልምምድ ላይ መቅረት ተጀመረ። አንድ ቀን እኔና ቤዝ ጊታሪስቱ ብቻ መጣን። በሩን ዘግተን ወጣን።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። ዌት ዌት ዌትን ያፈረሰው የገንዘቡ ክፍፍል ነው ስል ተሳስቻለሁ?

(ክሩ፣ ማለትም ይህ ውይይት፣ ረዝሞ 26 መልስ ደርሷል። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሁሉንም ማንበብ ስለከበዳችሁ፣ የመጣውን በየቁጥሩ እዚሁ ከታች እነግራችኋለሁ።)

መልስ 1። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ለንደን የምትኖር እህት ናት። በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። እንግሊዝ የገባችው በ1994 በጋ ላይ ነው። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ የጎረቤት መስኮት ላይ፣ የትም ነበር። እንግሊዝኛ ገና ስላልለመደች በቃሏ ይዛ ድምፅ አወጣጥ የተለማመደችው በእሱ ነው። ሐሳቤ ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝና አንድ ነገር ጨመረች፤ እንዲህ ያለ ዘፈን የጻፉ ልጆች በገንዘብ መለያየታቸው አሳዝኗታል።

መልስ 2። ይኼኛው ወዲያው አረማት፤ ግን በጨዋ ደንብ። ዘፈኑ የነሱ አይደለም። የሌላ ባንድ፣ የዘ ትሮግስ ነው። በ1967 ወጥቶ 5ኛ ደርሶ ነበር። የጻፈው የትሮግስ ድምፃዊ ሬጅ ፕሪስሊ ነው። ዌት ዌት ዌት የተጫወቱት «ፎር ዌዲንግስ ኤንድ ኤ ፊውነራል» ለተባለው ፊልም ተጠይቀው ነው። ሦስት ዘፈን ቀርቦላቸው ነበር። አንዱ የግሎሪያ ጌይነር፣ አንዱ የባሪ ማኒሎው፣ ሦስተኛው ይኼ። ይህን መረጡ። ሰውየው የጨመረው ነገር ደስ ይላል። ሬጅ ፕሪስሊ ከዚያ ዘፈን ካገኘው ገንዘብ የተወሰነውን ያዋለው የእንግሊዝ ስንዴ ማሳ ውስጥ በአንድ ሌሊት ብቅ የሚሉትን ክብ ቅርጾች ለመመርመር ነው።

መልስ 3። አንድ መስመር። ባንዱን ያፈረሰው የፔሎ የሄሮይን ሱስ ነው፣ ድራመር ስለወጣ የሚፈርስ ባንድ የለም ባይ ነው። ሰላምታም የለው፣ ስንብትም የለው።

መልስ 4። ከሁሉም ረጅሙ ይኼ ነው። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ግላስጎው ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ ወንድም ነው። መስመሩ በክላይድባንክ ያልፋል። ባንዱን ለመረዳት መጀመሪያ ከተማዋን መረዳት ያስፈልጋል ብሎ ያምናል። ክላይድባንክ የመርከብ ከተማ ነበረች። የጆን ብራውን መርከብ ሠሪዎች ኩዊን ሜሪ የተባለችውን መርከብ የሠሩት እዚያ ነው። በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች በሁለት ሌሊት ከተማዋን አወደሟት። ከጦርነቱ በኋላ መርከብ ሥራው እየቀዘቀዘ ሄደ። እና ሌላ ፋብሪካ ነበራት፤ ስሙን ሁላችንም የምናውቀው። ሲንጀር። ያ በየቤታችን የነበረው ጥቁር የልብስ ስፌት መኪና። በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስፌት መኪና ፋብሪካ ክላይድባንክ ነበር። በ1980 ተዘጋ።

ልጆቹ ባንድ የመሠረቱት ፋብሪካው በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት ነው። አባቶች ሥራ ፈት ሆነው ቤት ተቀምጠዋል። የመጀመሪያ ዘፈናቸው «ዊሺንግ አይ ዎዝ ላኪ» ከላይ ሲሰሙት የሚያስጨፍር ነው። ውስጡ ግን ሥራ ስላጣ ሰው ነው። ወንድማችን የሚለው ይህን ነው። እንዲህ ካለ ሰፈር የወጡ አራት ልጆች እኩል እንካፈል ማለታቸው አያስገርምም። ያደጉት የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ከተማ ነው። ያንን ስምምነት የሙዚቃ ድርጅት አላስተማራቸውም። ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው።

እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከራሴ መክፈቻ ይልቅ ሐሳቤን በደንብ የገለጸልኝ እሱ ነው።

መልስ 5 እና 6። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ስፌት መኪና ዞረ። አንዱ የእናቱ ሲንጀር አሁንም ደሴ ቤታቸው እንዳለ ጻፈ። ስድስት ልጅ ያሳደገች መኪና ናት። አንዲት እህት ደግሞ ከመኪናው አካል ላይ ቁጥር እንዳለ፣ ከቁጥሩ ፊት ባሉት ፊደሎችም የተሠራበት ፋብሪካ እንደሚታወቅ ነገረችን። የአያቷን መኪና አይታ እንደምትመለስ ቃል ገባች።

መልስ 7። ክሩን የለወጠው ይህ ነው። ጸሐፊው ሙዚቃ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይመስለኛል። አነጋገሩ ስለታም ነው፤ ግን አልተሳደበም። እኩልነት እያልኩ የማወራው ስለ አራት ሰው ብቻ መሆኑን ጠቆመኝ። ባንዱ ውስጥ አምስተኛ ሰው ነበር። ግሬም ደፊን። ሊድ ጊታሩን ከ1983 ጀምሮ የተጫወተው እሱ ነው። አልበሞቹ ላይ አለ፤ መድረክ ላይም አለ። ፎቶው ላይ ግን አራት ልጅ ነው የሚታየው። ካሴት ሽፋኑ ላይ ያነበብኳቸው አራት ስሞች ውስጥም የእሱ ስም የለም። እና የድራመሩ ድርሻ ሲቀነስ ያዘንኩ ሰው፣ ከመጀመሪያውም ያልተቆጠረውን ጊታሪስት እንዴት ሳላነሳ አለፍኩ? ጥያቄው ይኼ ነበር።

መልስ 8። የኔ ነው። ሌሊቱን ሳስብበት አድሬ ጠዋት ጻፍኩ። ደፊንን አለማንሳቴ ስህተት እንደሆነ አመንኩ። የእውነት ስህተት ነው፤ ሊድ ጊታሩን ከነዚያ ዘፈኖች አውጡትና ምን እንደሚቀር አስቡት። አንድ ነገር ግን አስጠበቅሁ። ደፊን አራቱ ከተሰበሰቡ በኋላ የመጣ ሰው ነው። ከኒንግሃም ግን ከመነሻው እኩል ተብሎ ቃል የተገባለት ነው። ቃል አለመግባትና የገቡትን ቃል ማፍረስ አንድ አይደሉም። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ፤ ባንድ የሚያፈርሰው ግን ሁለተኛው ነው።

መልስ 9። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሙያው ከጽሑፉ ይታወቃል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳንለይ ስለ ክፍፍል እያወራን መሆኑ አልተዋጠለትም። ከአንድ ዘፈን ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይመጣል። አንዱ የግጥምና ዜማ ነው። ለደራሲው ይሄዳል። ሁለተኛው የቀረጻው ነው። ለተጫወቱት ይሄዳል። ዌት ዌት ዌት በብሪታንያ ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥተዋል። በ1988 የቢትልስን ዘፈን ተጫውተው 4 ሳምንት አንደኛ ሆኑ። እሱ ደግሞ ቻይልድላይን ለተባለው የሕፃናት የእርዳታ ስልክ ገቢ ማሰባሰቢያ ነው። በ1992 «ጉድናይት ገርል» 4 ሳምንት። በ1994 የትሮግስ ዘፈን 15 ሳምንት። ከሦስቱ ራሳቸው የጻፉት የመሃሉን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከትልቁ ዘፈናቸው የግጥምና ዜማው ገንዘብ የሄደው ለሬጅ ፕሪስሊ ነው። ለባንዱ የቀረጻው ቀረ። ሰውየው የሚለው እንዲህ ነው። ድራመሩ ዘፈን አይጽፍም የሚለው ክርክር ለዚያ ዘፈን አይሠራም፤ ያንን ከአራቱ አንዳቸውም አልጻፉትም። የተከራከሩት በራሳቸው ዘፈኖች ላይ ነው። በስፋት የሚሸጠው ግን የሰው ዘፈን ነበር።

ይህን መልስ ብዙ ሰው ወደደው። እኔም ወድጄዋለሁ።

መልስ 10። 9ን በግማሽ ተቃወመ። የራሳቸው ዘፈን ተራ ነገር እንዳይመስል ፈልጓል። «ስዊት ሊትል ሚስትሪ» 5ኛ፣ «ኤንጅል አይስ» 5ኛ፣ በ1995 ደግሞ «ጁሊያ ሴዝ» 3ኛ ደርሰዋል። ገና ሳይታወቁ ሜምፊስ ድረስ ሄደው ከዊሊ ሚቸል ጋር እንደቀረጹም አነሳ። ዊሊ ሚቸል የአል ግሪንን ዘፈኖች ያቀናበረው ሰው ነው። ያ ቀረጻ በ1988 «ዘ ሜምፊስ ሴሽንስ» ተብሎ ወጣ። ልጆቹ በውበታቸው ብቻ የተሸጡ አይደሉም፤ ጥቁር አሜሪካውያን የሚዘፍኑትን ሶል ከልባቸው የሚወዱ ነበሩ። ይህን ሳያውቅ በፊልም ዘፈን ብቻ የሚፈርድ ሰው ያበሳጨዋል።

መልስ 11። የ3 ጸሐፊ ተመለሰ፤ አሁን ረዘም አድርጎ። ለኔ ነው የጻፈው። ድራመር ስለሆንኩ ብቻ ነገሩን ሁሉ በድራመር ዓይን እንደማየው፣ የሆቴሉን ቂም ይዤ የስኮትላንድ ባንድ ላይ እንደምለጥፈው ጻፈ። የ1997ቱ አልበም እንደቀደመው አንደኛ ሳይሆን ሁለተኛ ነው የወጣው። ዘመኑም ተለውጦ ኦኤሲስና ብለር የተባሉ ባንዶች መጥተዋል። ፔሎም በሱስ ተይዟል። ይህ ሁሉ እያለ ምክንያቱ የድራመር ደሞዝ ነው ማለት የልጅ ወሬ ሆነበት። ስለ ፔሎም ልደግመው የማልፈልገው ቃል ተጠቀመ።

ቃሉ ከብዶኛል። ስለ ቂሙ ያለው ግን እውነት አለበት። ድራመር ባልሆን ይህን ክር አልከፍትም ነበር።

መልስ 12። አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። ጋሼ ብለን ነው የምንጠራቸው፤ እዚህ መድረክ ላይ ከሁላችንም ይቀድማሉ። 11ን ገሠጹት። ሱስ በሽታ ነው፤ የታመመን ሰው በዚያ ቃል መጥራት ነውር ነው። ፔሎ በሄሮይንና በመጠጥ መያዙን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል፤ ታክሞም ተነስቷል። በ2001 የራሱን አልበም አወጣ። በ2002 ለንደን ውስጥ «ቺካጎ» በተባለው የሙዚቃ ቲያትር ላይ ጠበቃውን ቢሊ ፍሊንን ሆኖ ተጫወተ። ጋሼ ይህን ሁሉ ዘርዝረው ሲያበቁ፣ ልጅ ያለው ሰው በሌላው ልጅ ሱስ እንዳይስቅ ለመኑ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ቀን ዝም ተባለ።

መልስ 13። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ወሬውን ወሰደው። ስለ ስኮትላንድ ዘፋኝ ከተወራ ለኛ የሚቀርበን ሚጅ ዩር ነው ባይ ነው። ሚጅ ዩር ከግላስጎው አጠገብ ከካምበስላንግ ነው። ስሊክ በተባለ ባንድ በ1976 አንደኛ ወጥቶ ነበር። ኋላም አልትራቮክስ ገባ። በ1984 ደግሞ ከቦብ ጌልዶፍ ጋር ሆኖ የባንድ ኤይድን ዘፈን ጻፈ። ለኛው ድርቅ።

መልስ 14። ጋሼ መልሰው ጻፉ። በኛ አቆጣጠር የሰባ ሰባቱን ድርቅ በዓይናቸው አይተዋል። ወጣት ሆነው ኮረም እህል አድለዋል። የዘፈኑን ርእስ በሰሙ ቁጥር ያማቸዋል። ከአራተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ገናን የሚያከብርን ሕዝብ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? እህሉን ተቀብለናል፤ አመስግነናል። ግጥሙን ግን አልተቀበሉትም።

መልስ 15። የ13 ጸሐፊ በአክብሮት መለሰላቸው። ግጥሙ ላይ አልተከራከረም። ዘፈኑን በነፃ የሠሩ ሰዎች መኖራቸውን፣ ገንዘቡም ወደ በጎ አድራጎት መሄዱን ብቻ አስታወሰ። ከዚያ ሌላ ሰው ገብቶ ሁለቱንም ተናገራቸው፤ እሱን ዘልዬዋለሁ፤ ስድብ ነው።

መልስ 16። እኔ ነኝ። ለሚጅ ዩር ሌላ ክር እንዲከፈት ጠየቅሁ። ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ጥግ ላይ መወራት የለበትም። ወደ ክላይድባንክ እንመለስ ብዬ ለመንኩ።

መልስ 17። የለንደኗ እህት መለሰችን፤ የተመለሰችውም ጥሩ ነገር ይዛ ነው። ዘፈኑ የነሱ አለመሆኑን ካወቀች በኋላ ስለሱ ስታነብ ሰንብታለች። በብሪታንያ ብቻ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። በ1991 ብራያን አዳምስ 16 ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ ነበር። ዌት ዌት ዌት 15 ላይ ሲደርሱ አንድ ሳምንት ነው የቀራቸው። በዚያን ጊዜ ዘፈኑ ከገበያ እንዲወጣ አደረጉ። ራሳቸው። ሰውም ሰልችቶታል፤ እነሱም ሰልችቷቸዋል። ከዚያ ዊግፊልድ የተባለች ዘፋኝ መጥታ አንደኛነቱን ወሰደች። እህታችን የምትጠይቀው ይህን ነው። ገንዘብ ያጣላቸዋል የምንላቸው ልጆች፣ እየተሸጠ ያለን ዘፈን በገዛ እጃቸው እንዴት ያቆማሉ?

መልስ 18። 7 ቁጥር ላይ ስለ ደፊን የጻፈው ሰው ነው የመለሰላት። ለኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው። በ1994 ገንዘቡን ማስቀረት የቻሉት አራቱም እኩል ስለሚያጡ ነው ባይ ነው። አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት የሚያጣ ቢሆን ኖሮ እዚያው ክርክር ይነሳ ነበር። እኩል የሚካፈል ሰው በእኩል መተውም ይችላል። ሦስት ዓመት ቆይቶ ግን ድርሻው ሲለያይ፣ እንደ አንድ ሰው ሆኖ መወሰን ቀረ። ቀድሞ እኔን የተቃወመ ሰው ነው ይህን የጻፈው። ስለ ደፊን ያለውን ግን አልሳበም። አምስተኛው ሰው በዚያ ውሳኔ ላይ ነበረበት ወይ ብሎ በድጋሚ ጠየቀ።

መልስ 19። የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። ከሥራ ወጥቶ የጻፈው ይመስላል፤ አጭር ነው። በ1989 ባንዱ ግላስጎው ግሪን ሜዳ ላይ ነፃ ኮንሰርት አሳይቶ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። አብራው የምትሠራ የክላይድባንክ ሴት እዚያ ነበረች። በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ነው ያየችው። በ2012 እዚያው ሜዳ ላይ እንደገና ሲጫወቱ ደግሞ የራሷን ልጅ ይዛ ሄደች። ድራመሩ ያኔ መድረክ ላይ ነበር።

መልስ 20። ይህን ይዞ አንዱ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። ድራመሩ መድረክ ላይ ከነበረ፣ ፈረሰ የምንለው ባንድ መቼ ፈረሰ? በ2004 እኮ አራቱም ተመልሰዋል። በ2007 አዲስ አልበም አውጥተዋል። ለቂም የሚያበቃ ነገር ቢሆን ኖሮ ከኒንግሃም ከነዚያ ሰዎች ጋር ዳግም አይቀመጥም ነበር።

መልስ 21። ለዚህ የመለስኩት እኔ ነኝ። ተመልሰው መጫወታቸው ደስ ይለኛል። ግን በ1982 እና በ1997 መካከል ያለውን ቁጠሩ። ከ2004 በኋላ ያለውንም ቁጠሩ። የመጀመሪያው ዘመን አዲስ ዘፈን ላይ የቆመ ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው የድሮውን ለመስማት በሚመጣ ሰው ላይ የቆመ ነው። ሰዎቹ ታርቀዋል። ዘፈን የሚያስጽፋቸው ነገር ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ከኔ ባንድ ልጆች ጋር ዛሬም ቡና እንጠጣለን። አብረን ግን አንጫወትም።

መልስ 22 እና 23። ሁለት ወጣቶች ናቸው። በ2017 ፔሎ ለራሱ ሥራ ብሎ ዳግም ወጣ። በ2018 በቦታው ኬቨን ሲም ተተካ፤ ሊበርቲ ኤክስ በተባለ ባንድ ውስጥ የነበረው፣ በ2016 የብሪታንያውን «ዘ ቮይስ» የዘፈን ውድድር ያሸነፈው ማለት ነው። በ2021 ከሱ ጋር «ዘ ጆርኒ» የተባለ አልበም ወጣ። አንዱ ልጅ ያለ ፔሎ ስሙን መጠቀም ሕዝብን ማታለል ነው ባይ ነው። ሌላው ስሙ የድምፃዊው እንዳልሆነ፣ ባንድ ማለት ድምፃዊ ብቻ ቢሆን ይህ ሁሉ ክር እንደማያስፈልግ ተቆጥቶ ጻፈ። ሁለቱም ሲጽፉ ቶሎ ይሞቃሉ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ።

መልስ 24። አዲስ አበባ ስቱዲዮ የሚሠራ ልጅ ነው። እኛ ጋ ችግሩ ሌላ እንደሆነ አስረዳ። አልበም የሚወጣው በድምፃዊው ስም ነው። ተጫዋቹ በዘፈን ታስቦለት፣ ተከፍሎት ይሄዳል። ሽፋኑ ላይ ስሙ ከተጻፈ ዕድለኛ ነው። ስለዚህ የአራት ሰው ስም በአንድ ዘፈን ስር ሲያይ ከኔ ባላነሰ ገርሞታል። ለሚቀጥለው የጓደኞቹ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ድርሻቸውን በወረቀት እንዲያሰፍሩ ሊነግራቸው ነው። ቃል ብቻ እንዳይሆን።

መልስ 25። የ3 እና የ11 ጸሐፊ። አይመለስም ብዬ ነበር። መጀመሪያ ጋሼን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ለኔ ጻፈ። አሁንም ባንዱን የጨረሰው ሱሱ እንደሆነ ያምናል። ግን የዓመቶቹን ቅደም ተከተል አይቷል። ድራመሩ የወጣው በ1997 ነው፤ ድምፃዊው በ1999። ከልጅነት ጀምሮ አብሮት ያደገ ጓደኛው ከአጠገቡ መውጣቱ ለታመመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አላሰበውም ነበር። ሁለቱ ምክንያቶች የተያያዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተቀበለ። እኔም ሱሱን በመክፈቻዬ ላይ ጨርሶ አለማንሳቴ ትክክል እንዳልነበረ ጻፍኩለት።

መልስ 26። የስፌት መኪናዋ እህት ናት። አያቷ ቤት ሄዳ መኪናውን አገላብጣ አየች። አቧራውን በጨርቅ ጠርጋ ቁጥሩን ፎቶ አንስታለች። ፊደሎቹን ስታመሳክር የክላይድባንክ ሆነው ተገኙ። መርፌውን ቀይራ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ አንድ የትራስ ልብስ ሰፍታበታለች። ይሠራል።